ስሟ በመዝገብ ይስፈር
የሥርዓተ ፆታ ምርምር መዛግብት ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት ትምህርት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል እውነትነቱ በአጥቢያ ደረጃ በተለይ በሦስት ጊዜያት ይገለጣል። አንደኛው ለጋብቻ የታጨች ልጅ ዕድሜ ሲያጠያይቅ ነው። ሁለተኛው ባሏ የሞተባት ሴት ሚስትነቷን አስረድታ የመሬት ይዞታዋን ለማስከበር ስትቆም ነው። ሦስተኛው ከትዳሯ የተለየች እናት ለራስዋና ለልጆችዋ የሚገባውን ድርሻ ስትጠይቅ ነው። በሦስቱም ጊዜ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «የተጻፈ ነገር አለ?» የሚል ነው። የተጻፈ ከሌለ ነገሩ በምስክር ይወድቃል፤ ምስክር ደግሞ ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ይዘነጋል፣ አንዳንዴም ይፈራል።

ይህ ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የሚያብራራው ጉዳይ በመጀመሪያ እይታ ከአጥቢያ ኑሮ የራቀ ይመስላል። ጉዳዩ የሥርዓተ ፆታ ምርምር የሚያካሂዱ የዩኒቨርሲቲ ተቋማት ስለሚያኖሯቸው መዛግብት ነው። ሆኖም እነዚያ ተቋማት በብዙ ድካም የደረሱበት ዋና ትምህርት ከአጥቢያ መዝገብ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ይኸውም ሴት በራስዋ ስም፣ በትክክለኛው ቀን፣ በራስዋ ቃል ካልተመዘገበች በኋላ ዘመን የሚፈልጋት ሁሉ ሊያገኛት አይችልም የሚል ነው።

የተቋሙ አጀማመር

«ፆታ» የሚለው ቃል በተፈጥሮ ወንድና ሴት መሆንን ያመለክታል። «ሥርዓተ ፆታ» ግን ኅብረተሰቡ ለወንድና ለሴት የሚያድለውን የሥራ ድርሻ፣ መብትና ግዴታ የሚመለከት ነው። በራያ ቆላ ማሽላውን ማን ያርማል፣ ውኃውን ማን ይቀዳል፣ እህሉን ገበያ ማን ያወጣል፣ በቀበሌ ስብሰባ ማን ይናገራል፣ የመስኖ ተራ በማን ስም ይያዛል ብሎ መጠየቅ የሥርዓተ ፆታ ጥያቄ መጠየቅ ነው። መልሱ ከቦታ ቦታና ከዘመን ዘመን ስለሚለያይ ጥናት ይፈልጋል፤ ጥናቱም መዝገብ ይፈልጋል።

በአገራችን ይህ የትምህርት ዘርፍ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን ችሎ የወጣው በቅርብ ጊዜ ነው። ከታኅሣሥ 15 እስከ 17 ቀን 1982 ዓ.ም. በሥርዓተ ፆታ ጉዳዮች ላይ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። በጉባኤው የቀረቡት ጽሑፎች በፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ አዘጋጅነት ተሰብስበው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1991 ታተሙ። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ተቋም ሥር ስለ ሴቶችና ልማት የምርምር፣ የሥልጠናና የመረጃ ማዕከል ተቋቋመ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የሥርዓተ ፆታ ጥናት ተቋም ሆኖ ተደራጀ፤ በዘርፉም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት መስጠት ተጀመረ። በኋላም በልማት ጥናት ኮሌጅ ውስጥ የሥርዓተ ፆታ ጥናት ማዕከል ተብሎ ሥራውን ቀጥሏል።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ለመዝገብ ጠባቂ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ተቋሙ ስሙንና የሚጠራበትን ክፍል ደጋግሞ ቀይሯል። ስም በተቀየረና ቢሮ በተዛወረ ቁጥር የወረቀት መጥፋት አደጋ ይከተላል። ስለዚህ የመዝገብ አያያዝ ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠብቁት ደንብ «መነሻውን አትለይ» የሚለው ነው። አንድ ሰነድ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ፣ ለምን ሥራ እንደተዘጋጀ አብሮት ካልተጻፈ ወረቀቱ ቢገኝም ምስክርነቱ ይደክማል። ከሌላው ጋር ተደባልቆ የተገኘ ደብዳቤ አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ ማለት ነው።

በመደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው

የዚህ ዓይነት ተቋም የሚያፈራቸው መዛግብት በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ የተመራቂዎች የጥናት ጽሑፎችና የታተሙ ዘገባዎች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ከዘገባው በፊት የነበሩት ጥሬ መረጃዎች፣ ማለትም የተሞሉ መጠይቆች፣ የቃለ መጠይቅ ድምፅ ቅጂዎችና ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጡ ገጾች ናቸው። ሦስተኛዎቹ የመስክ ማስታወሻዎችና ፎቶግራፎች ናቸው። አራተኛዎቹ የጉባኤና የሥልጠና ሰነዶች ናቸው። አምስተኛዎቹ የአስተዳደር ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የገንዘብ ሰነዶች ናቸው።

ብዙ ሰው ዋጋ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ዘገባው ታትሞ ከወጣ በኋላ መጠይቁና ማስታወሻው ለምን ይቀመጣል ይላል። ነገር ግን ዘገባ የጸሐፊው መደምደሚያ ነው፤ ጥሬው መረጃ ደግሞ የተናጋሪዋ ቃል ነው። መደምደሚያው በዘመኑ እውቀት ተወስኖ ይቀራል፤ ቃሉ ግን በኋላ ለሚመጣ ሌላ ጥያቄ መልስ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ስለ ውኃ የተጠየቀች እናት በመልስዋ መካከል በስንት ዓመትዋ እንደተዳረች ተናግራ ይሆናል። ዘገባው ስለ ውኃ ብቻ ቢጽፍም ማስታወሻው ከተቀመጠ ስለ ጋብቻ የሚያጠናው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያገኘዋል።

ጥሬ መረጃ ሲመረመር መጠይቁ ራሱ የሚሰውረው ነገር እንዳለም ይታወቃል። «የቤተሰቡ ኃላፊ ማን ነው?» ብሎ የሚጀምር ቅጽ መልሱን ከባል ይወስዳል፤ ሚስት «ባለቤቱ» ተብላ በቁጥር ብቻ ትገባለች። በቅጹ ላይ የእርስዋ ስም፣ የእርስዋ ሥራና የእርስዋ ሐሳብ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሰው በዚያ መንደር ሴቶች ያልነበሩ ይመስለዋል። ይህ ክፋት የወለደው ሳይሆን የቅጽ ጉድለት ያመጣው ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

የመዝገብ ጥቅም በተግባር ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ በክልላችን የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው የልጃገረዶች መርሐ ግብር ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ የተሞከረው ይህ ሥራ ልጃገረዶችን በትምህርት ቤት ማቆየትና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ማዘግየት ዓላማው ነበር። ከሥራው በፊትና በኋላ መረጃ ተሰብስቦ ከሌላ መንደር ጋር ተነጻጸረ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች መካከል በሞሰቦ የማግባት ዕድል እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የመጀመሪያው መረጃ ባይቀመጥ ኖሮ የኋለኛው ከምን ጋር ይመዘን ነበር?

ቤተ ክርስቲያን ቀድሞም ቤተ መዛግብት ነበረች

የሴትን ስም በጽሑፍ ማኖር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ታሪክ አጥኚው ዶናልድ ክረሚ ስለ ጎንደር ዘመን የመሬት ይዞታ ሲያጠኑ ዋና ምንጫቸው ያደረጉት በየአድባራቱ ቅዱሳት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፉትን የጉልት፣ የሽያጭ፣ የውርስና የሙግት ማስታወሻዎች ነው። ከእነዚህ ማስታወሻዎች በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሴቶች መሬት ይወርሱ፣ ይገዙ፣ ይሸጡና በዳኛ ፊት ይሟገቱ እንደነበር በስም ተለይቶ ታወቀ። ማስታወሻውን የጻፈው ደብተራ ስለ ሥርዓተ ፆታ ምርምር አላሰበም፤ ያሰበው በገዢና በሻጭ መካከል ነገር እንዳይነሣ ነው። ስሟን፣ ምስክሮቹንና ዘመኑን በትክክል ስለጻፈ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ጽሑፉ ለታሪክ ምስክር ሆነ።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ቅድስቲቱን ከሚያውቁ ሰዎች የሰማውን በጽሑፍ ስላኖረ ስለ እርስዋ ብቻ ሳይሆን አብረዋት ስለነበሩ እናቶች አኗኗር ጭምር ዛሬ እናውቃለን።

ከዚህም ቀድሞ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 የተጻፈውን ማስታወስ ይገባል። ወንድ ልጅ ሳይወልድ የሞተው የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴና በማኅበሩ ፊት ቀርበው የአባታቸውን ርስት ጠየቁ፤ ተፈረደላቸውም። መጽሐፉ «የሰለጰዓድ ልጆች» ብሎ ብቻ አላለፋቸውም፤ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ ብሎ እያንዳንዳቸውን በስም ጠራ። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 17 ደግሞ ሙሴ ካረፈ በኋላ ምድሪቱ ስትከፈል እነዚሁ ሴቶች ዳግመኛ ቀርበው የቀደመውን ትእዛዝ አስታወሱ፤ ርስታቸውንም ተቀበሉ። የመጀመሪያው ውሳኔ በስማቸው ባይታወቅ የኋለኛው መሪ በምን ያውቅላቸው ነበር? የመዝገብ ጥቅም በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል፦ ዛሬ የሚጻፈው ለነገው ዳኛ ነው።

ጉዳዩ በሮቢትና በራያ ቆላ

ሮቢት ከቆቦ በስተ ደቡብ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ የመምራት ልማድ የኖረበት፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆም ከከርሰ ምድር ውኃ በመስኖ የሚለማበት ቆላ ነው። መሬትና ውኃ በሚከበሩበት አገር የይዞታ መዝገብ ከባድ ነገር ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ባለይዞታነት ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፤ ፎቶግራፋቸውም አብሮ ይለጠፋል። ይህ ለሴቶች ትልቅ ዋስትና ሆኗል። ይሁን እንጂ ደብተሩ ላይ ያለው ስም ከሌላው ሰነድ ጋር ካልተስማማ ዋስትናው ይላላል።

ስም የማይስማማበት ምክንያት በባህላችን ውስጥ አለ። አንዲት ሴት ወላጆችዋ ያወጡላት የዓለም ስም አላት። በጥምቀት የተቀበለችው የክርስትና ስም አላት። በብዙ አካባቢዎች ደግሞ ስትዳር አማቶችዋ የሚያወጡላት ሦስተኛ ስም ይጨመራል፤ መንደሩም በዚሁ ስም ይጠራታል። በክርስትና መዝገብ «ወለተ ማርያም» ተብላ የሰፈረችው፣ በትምህርት ቤት በሌላ ስም የተመዘገበችው፣ በአማቶችዋ ቤት በሦስተኛ ስም የምትጠራው አንዲት ሴት መሆንዋን የሚያውቁት ጎረቤቶችዋ ብቻ ናቸው። ጎረቤት ሲበተን እርስዋም በወረቀት ላይ ሦስት ሴት ሆና ትቀራለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ሦስቱንም ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕድሜ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርገዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ማግባትን በእስራት ይቀጣል፤ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል። በጋብቻ ዋዜማ ግን ክርክሩ ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ልጅቱ ዕድሜ ይሆናል። ቤተሰብ «ደርሳለች» ይላል፤ መምህሯ «አልደረሰችም» ትላለች፤ ካህኑ በመካከል ይቆማል። በዚህ ጊዜ የክርስትና መዝገብ ወሳኝ ምስክር ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለዚህ ልዩ ጥቅም አለው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀንዋ ክርስትና ትነሣለች። ስለዚህ የክርስትናው ቀን ከታወቀ የልደቱ ቀን በስሌት ይገኛል። ለምሳሌ ኅዳር 20 ቀን በሰማንያኛ ቀንዋ የተጠመቀች ሴት ልጅ የተወለደችው መስከረም 1 ቀን ነው። በዚያው ዕለት በአርባኛ ቀኑ የተጠመቀ ወንድ ልጅ ደግሞ የተወለደው ጥቅምት 11 ቀን ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን በአንድ ገጽ ላይ ቢመዘገቡም በልደት አርባ ቀን ይለያያሉ። በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ከቀኑ በፊት ወይም በኋላ የሚጠመቁ ስላሉ ግን የልደቱን ቀን ለብቻው ጠይቆ መጻፍ ከስሌት ይሻላል።

ዘመኑ ያልተጻፈላቸው ትልልቅ እናቶች ቃል ሲመዘገብም የራሳችን የዘመን አቆጣጠር ይረዳል። አንዲት እናት «በሚያዝያ ጊዮርጊስ፣ በዘመነ ሉቃስ ወለድኳት» ካለች ቀኑ ሚያዝያ 23 መሆኑ ይታወቃል። ዓመቱ ደግሞ ከአራት ዓመት አንዱ ነው፤ 1999፣ 2003፣ 2007 ወይም 2011 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል። «ያን ጊዜ ታላቅዋ ስንተኛ ክፍል ነበረች?» ወይም «ከሚሌኒየሙ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ በመጠየቅ ከአራቱ አንዱን መለየት ይቻላል። የመስክ ተመራማሪዎች ዕድሜን በዚህ መንገድ ያጣራሉ፤ ካህናት ግን ባሕረ ሐሳብን ስለሚያውቁ ከማንም ይልቅ የተመቹ ናቸው።

የአጥቢያ መዝገብ የመንግሥትን ምዝገባ አይተካም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ፣ ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ሴት ልጅ ክርስትና በምትነሣበት ዕለት ከ90ው ቀን የሚቀራት አሥር ቀን ብቻ ነው። ካህኑ በዚያ ዕለት ለወላጆችና ለክርስትና እናቲቱ «ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ» ብሎ ቢያሳስብ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ድካም አይጠይቀውም፤ ለልጅቱ ግን የዕድሜ ልክ ማስረጃ ይሆናታል።

በመዝገቡ ላይ ሊሰፍር የሚገባው

የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ ከተደነገገ ወዲህ አጥቢያዎች የምእመናን መዝገብ ይይዛሉ። ብዙውን ጊዜ ግን መዝገቡ በአባወራ ስም ይከፈትና የቀሩት የቤተሰብ አባላት በቁጥር ይገባሉ። ከምርምር ተቋማቱ ልምድ በመነሣት የሚከተሉትን ማስተካከል ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ባልም ሚስትም በየራሳቸው መስመር ይመዝገቡ። እማወራም ስትሆን እንዲሁ በስምዋ ይከፈትላት።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ሌላ መጠሪያ ካለ እርሱም፣ የአባትና የአያት ስም ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የልደት ቀንና የክርስትና ቀን በየራሳቸው ዓምድ ይስፈሩ። የልደቱ ቀን በግምት የተገኘ ከሆነ «በግምት» ተብሎ ይጠቆም። በእርግጠኝነት የታወቀውንና በግምት የተገኘውን አለመቀላቀል የታማኝ መዝገብ ምልክት ነው።

አራተኛ፣ የጋብቻው ዓይነት ይለይ። ተክሊል፣ ቁርባን ወይም የሰማንያ ውል መሆኑ፣ ቀኑና የምስክሮቹ ስም ይጻፍ። ፍቺና ሞትም በዚያው መስመር ላይ ይጨመር እንጂ የቀደመው ጽሑፍ አይፋቅ።

አምስተኛ፣ ስሕተት ሲገኝ በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዞ እርማቱ ከአጠገቡ ይጻፍ፤ ያረመው ሰውም ይፈርምበት። የተፋቀ ወይም በቀለም የተሸፈነ ጽሑፍ በዳኛ ፊት እምነት ያጣል።

ስድስተኛ፣ የሴቶች የማርያም ማኅበር፣ የሰንበቴና የሰንበት ትምህርት ቤት ቃለ ጉባኤዎች ከአጥቢያው መዝገብ ጋር አብረው ይቀመጡ። እናቶች በራሳቸው ስም ተሰብስበው በራሳቸው ቃል የወሰኑባቸው ሰነዶች በብዛት የሚገኙት በእነዚህ ውስጥ ነው።

መዝገብን ከጥፋት መጠበቅ

ስለ ሴቶች ታሪክ መዛግብት ሲነሣ በዓለም ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአምስተርዳም ከተማ የሴቶችን እንቅስቃሴ ሰነዶች የሚሰበስብ ዓለም አቀፍ ቤተ መዛግብት ተቋቋመ። በ1940 የናዚ ጀርመን ኃይል ከተማይቱን ከያዘ በኋላ መጽሐፉንም ሰነዱንም ጭኖ ወሰደው። ከመሥራቾቹ አንዷ ሮዛ ማኑስም በናዚዎች እጅ ሞተች። ሰነዶቹ ለዘለዓለም ጠፉ ተብሎ ከኖረ በኋላ በ1992 በሞስኮ በአንድ ዝግ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተገኙ፤ ወደ አምስተርዳም የተመለሱት ግን በ2003 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየው ይህ ስደት የሚያስተምረው ቅጂ የሌለው ሰነድ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል ነው።

ይህን ለራያና ለቆቦ ሕዝብ መንገር ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ፣ ዳግመኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል፤ የአካባቢው መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። ለአካባቢው ቅርብ የሆነው ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ የነበረው የአንዲት ሴት ቃል ግን ቅጂ ከሌለው በምንም አይተካም።

ቅጂ የማስቀመጥን ጥቅም ቤተ ክርስቲያናችን አስቀድማ ተረድታለች። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ አኑሯል። ከዚያ በኋላ በየገዳማቱ ብራናው ቢጠፋ እንኳ ቃሉ ተርፏል። አንድ አጥቢያ ይህን በአቅሙ ሊያደርገው ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ የመዝገቡን ገጾች በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ በማኅደረ ትውስታ አስቀምጦ አንዱን ለወረዳው ቤተ ክህነት፣ አንዱን በወልድያ ለሚገኘው የሰሜን ወሎ ሀገረ ስብከት ማስረከብ ይበቃል። ፎቶግራፉ ሲነሣ የአጥቢያው ስም፣ የመዝገቡ ቁጥርና ዓመተ ምሕረቱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታይ።

ከሰው እጅ ሌላ የቆላው አየርም የወረቀት ጠላት ነው። ምስጥ፣ አቧራ፣ ድንገተኛ ጎርፍና ሙቀት አሉ። መዝገቡ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ከጧፍ፣ ከዘይትና ከዕጣን ጋር በአንድ ሣጥን አይኑር። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። በላስቲክ ማሸግም እርጥበቱን አምቆ ሻጋታ ያመጣል። የሣጥኑ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ ከሁለቱ አንዷ ከሰበካ ጉባኤው ሴት አባላት ብትሆን መልካም ነው።

የማይጻፈውና የሚሰወረው

መዝገብ ሁሉን ይጻፍ ማለት አይደለም። ንስሐ አይመዘገብም፤ ይህ ለማንም ካህን የሚነገር ጉዳይ አይደለም። ከዚህም ሌላ የምርምር ተቋማት በጥብቅ የሚጠብቁት ደንብ አለ። ጥቃት ስለደረሰባት ሴት የሚናገር ጽሑፍ ከስምዋ ተለይቶ በቁጥር ብቻ ይቀመጣል፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ቦታ ይቆለፋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በአማራና በአፋር ክልሎች በጦርነቱ ወቅት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት ዘግቧል። የተጎዱት እናቶችና እኅቶች ዛሬም በየአጥቢያው አሉ። ስለ እነርሱ በሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ላይ ስም ጠቅሶ መጻፍ ሁለተኛ ቁስል ነው። እርዳታ ሲሰጥ የተሰጠው መጠንና ቀኑ ይጻፍ፤ ምክንያቱ ግን በመዝገብ አይገለጥ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን የግል መረጃ ያለ አግባብ መግለጥን ይከለክላል።

ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች መዝገብ ለማየት ወይም እናቶችን ለመጠየቅ ሲፈልጉም ሥርዓት ያስፈልጋል። የተቋማቸውን ደብዳቤና የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ያሳዩ። የምትጠየቀው ሴት ብቻዋን፣ በራስዋ ፈቃድ ትጠየቅ፤ ባልዋ ወይም የጎጥ መሪ ስለ እርስዋ አይፍቀድ። መልስ አልሰጥም ብትል አትወቀስ። መዝገቡ ከቅጥሩ አይውጣ፤ በዚያው ይነበብ። ጥናቱ ሲያልቅም አንድ ቅጂ ለአጥቢያው እንዲመለስ አስቀድሞ በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ። ብዙ አጥቢያዎች ተጠይቀው መልሰዋል፤ ስለ እነርሱ የተጻፈውን ግን አላዩም። ለአጥቢያው የሚመለስ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው የተቀመጠው ቢጠፋ መተኪያ ይሆናል፤ ሕዝቡም ስለ ራሱ የተባለውን አንብቦ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ግን አይደለም» ለማለት ይችላል።

በአንድ ሩብ ዓመት ሊጀመር የሚችል

ይህ ሁሉ ሰፊ ሥራ ቢመስልም የመጀመሪያው ደረጃ ለማንኛውም አጥቢያ የሚቻል ነው። በመጀመሪያው ወር ሰበካ ጉባኤው ያሉትን መዝገቦች ሁሉ ከየቤቱና ከየሣጥኑ ሰብስቦ ዝርዝራቸውን ይጻፍ፦ ምን መዝገብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በማን እጅ። በሁለተኛው ወር ያለው መዝገብ በፎቶግራፍ ይነሣና ቅጂው ለወረዳው ቤተ ክህነት ይሰጥ። በሦስተኛው ወር አዲስ የሚከፈተው መዝገብ ከላይ በተዘረዘሩት ዓምዶች ይሰመር። ከዚያም ክርስትና በሚነሣበት ዕለት ሁሉ የልጅቱ ስም፣ የእናትዋ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና የክርስትና እናቲቱ ስም በዚያው ቦታ ይጻፍ፤ ለነገ አይደር።

ዛሬ በሰማንያ ቀንዋ የምትጠመቅ ሕፃን የዛሬ 18 ዓመት «ደርሳለች፣ አልደረሰችም» የሚል ክርክር ቢነሣባት ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርዋ በአጥቢያዋ ሣጥን ውስጥ ያለው አንድ መስመር ሊሆን ይችላል። ያን መስመር በጥንቃቄ መጻፍና መጠበቅ የካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ኃላፊነት ነው።